ነፋስን ስለ መነገድ
ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ



ነፋስን በአቁማዳ ሰፍሮ ወደ ገበያ የሚያወጣ ሰው የለም። ነገር ግን በዛሬው ዘመን ከነፋስ ኤሌክትሪክ ለማውጣት የታሰበ ሥራ፥ ገና ሳይሠራ፥ የሚሸጥና የሚለወጥ ንብረት ሆኗል። ይህን ንግድ ማወቅ ለባላገር ይጠቅመዋል፤ መዘውሩ የሚተከለው እርሱ በሚኖርበት ምድር ነውና።

የንግዱ ሥርዓት እንዲህ ነው። መጀመሪያ ነጋዴው ነፋስ የሚበረታበትን ስፍራ ፈልጎ፥ ረጅም ምሰሶ ተክሎ፥ የነፋሱን ፍጥነት አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ይለካል። ሁለተኛ መሬቱን ለብዙ ዘመን በኪራይ ይይዛል። ሦስተኛ ከመንግሥት ፈቃድ ይቀበላል። አራተኛ ኃይሉን ከሚገዛው ጋራ ዋጋው የተቆረጠ ውል ይዋዋላል። ነፋሱ በነጻ ቢገኝም መዘውሩ ውድ ስለ ሆነ፥ ባንክ ያለዚህ ውል ለማበደር አይደፍርም። ወረቀቶቹ ሲሟሉ ነጋዴው ድርሻውን ለሌላ ባለ ገንዘብ ሊሸጥ ይችላል። እንግዲህ የሚሸጠው መብቱ ነው እንጂ ነፋሱ አይደለም።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው በሰሜን ኬንያ በቱርካና ሐይቅ አጠገብ የተሠራው ነው። በዚያ 365 መዘውሮች ቆመዋል፤ ኃይላቸውም በጠቅላላው 310 ሜጋ ዋት ነው። የኬንያ መብራት ኩባንያ ኃይሉን 20 ዓመት ሊገዛ ተዋዋለ። መዘውሮቹ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ተተክለው አለቁ፤ መንግሥት ሊዘረጋው የነበረው ከ400 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የሽቦ መሥመር ግን እስከ 2018 አልደረሰም። ውሉ ስለ መዘግየቱ ካሣ ያስከፍል ነበርና፥ ኬንያ ላላየችው ብርሃን ዋጋ ከፈለች። ሥራው በ2019 ተመረቀ። በ2023ም ከባለ አክሲዮኖቹ አንዳንዶቹ ድርሻቸውን ብላክሮክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለሚያስተዳድረው ገንዘብ ሸጡ።

የመሬቱ ነገር ግን በሰላም አላለፈም። ከብት አርቢዎቹ ያገሩ ሰዎች መሬታችን በሕግ ሳንጠየቅ ተሰጠ ብለው በ2014 ከሰሱ። ከሰባት ዓመት በኋላ፥ በ2021፥ በሜሩ ያስቻለው ፍርድ ቤት የመሬቱ ደብተር በሕጉ ሥርዓት አልተሰጠም ብሎ ፈረደ። በመጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ነገር፥ መዘውሮቹ ከቆሙ በኋላ በዳኛ ፊት ተጠየቀ።

በኢትዮጵያም የመጀመሪያዎቹ የአዳማ መዘውሮች በ2012፥ የአሸጎዳም በ2013 ተመርቀዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሥራ ወደ አንድ አገር ሲመጣ፥ መምህሩ ውሉን በሽማግሎች ፊት ቃል በቃል ያንብብ፤ ሽማግሎቹም ይጠይቁ። ዘመኑ ስንት ነው? ለባለ ይዞታው የሚከፈለው ምንድር ነው? ከብት በመዘውሮቹ መካከል ይሰማራልን? ድርሻው ለሌላ ቢሸጥ አዲሱ ጌታ የፊተኛውን ቃል ይጠብቃልን? መዘውሩ ሲያረጅስ የሚያነሣው ማን ነው? መልሱም ሁሉ ከፊርማ በፊት ይጻፍ፤ በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።