መርፌ ላይ የቆየ አዳኝ

አቅራቢ፦ ከትኋን ጋር የሚዛመድ፣ እግሩ እንደ ክር የቀጠነ አንድ አዳኝ ነፍሳት አለ። የፊት እግሮቹን አጥፎ ያደባል፤ የሚበላው ሲጠጋው ለቀም ያደርግና በሹል አፉ ወግቶ ይመጠዋል። አንዳንዱማ ሸረሪትን በገዛ ድሯ ላይ ያድናታል። ድፍረት ነው!

የእንዲህ ዓይነት ነፍሳት አዲስ ዝርያ የግድ ከዱር አይገኝም፤ ከሙዚየም መሳቢያም ይወጣል፤ ድሮ የተሰበሰበ ናሙና ሳይጠና ለዓመታት እዚያ ሊቆይ ይችላልና። ምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ሲገባ ለአውሮፓ ሰብሳቢዎች መንገዱ ቀለለ። የባሮን ሞሪስ ደ ሮትሽልድ ቡድን በ1904 እና 1905 ከኢትዮጵያና ከምሥራቅ አፍሪካ የሰበሰባቸው ነፍሳት ጥናት ፓሪስ ላይ የታተመው በ1922 ነው።

ነፍሳቱ በመርፌ ይሰካል። ከሥሩ ጥፍር የምታህል ወረቀት አለች፤ የተያዘበት ቦታ፣ ቀንና የሰብሳቢው ስም ተጽፎባታል። ተመራማሪው በማይክሮስኮፕ የፊት እግሩን እሾሆች ያያል፤ የወንዱን የመራቢያ አካል ከታወቁት ዝርያዎች ጋር ያነጻጽራል። ልዩነቱ ከጸና ስም ይወጣለታል። ፔድሮ ዊጎድዚንስኪ በ1966 ስለ እነዚህ ባለ ክር እግሮች ያሳተመው ዳጎስ ያለ መጽሐፍ ዛሬም ይገለጣል።

የድሬ ተማሪዎች፣ ነፍሳት ስትሰበስቡ ቦታውንና ቀኑን እዚያው ጻፉ። ያለዚያ ናሙናው ለተመራማሪ እምብዛም አይጠቅምም።