ሃያ አራት ቅጂ

ዛሬ ሁሩታ ላይ ከአዳማ የሚመጣውን መኪና የሚጠብቅ መንገደኛ ዜናውን ከስልኩ ላይ አንብቦ ይጨርሳል። የመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣ አንባቢ ግን ሳምንት መጠበቅ ነበረበት፤ ያውም ዕድለኛ ከሆነ።

አሳታሚው አንድሬያስ ካቫዲያስ ይባላል፤ ንግድ አዲስ አበባ ያመጣው ግሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ገደማ ጋዜጣ ሲጀምር ማተሚያ አልነበረውም። ስለዚህ በእጅ አስጻፈው። በየሳምንቱ 24 ቅጂ! ለአንድ ቤተ መንግሥት እንኳ የሚበቃ አይመስልም፤ ደግነቱ፣ አንዱ ቅጂ ከእጅ እጅ መዞሩ የሚጠበቅ ነው።

ስሙን ያወጡለት ራሳቸው አፄ ምኒልክ ናቸው፦ «አእምሮ»። ነጋዴ የጀመረው ወረቀት ንጉሣዊ ስም አገኘ ማለት ነው።

ቀጥሎ የማባዣ መሣሪያ መጣና ቅጂው ወደ 200 አደገ። የእጅ ጽሑፍ ጋዜጣ በኢትዮጵያ የካቫዲያስ ብቻ ፈጠራ አልነበረም፤ ብላታ ገብረ እግዚአብሔር ጊላማርያም የተባሉ ሰውም በእጃቸው የጻፉትን ወረቀት ያሰራጩ ነበር።

«አእምሮ» በመሃል ተቋርጦ፣ ከዓመታት በኋላ በማተሚያ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1925 «ብርሃንና ሰላም» የተባለው ጋዜጣ ሲወጣ፣ አዲስ አበባ ጋዜጣ ማንበብ ለምዳ ነበር።