የነፍስ አባት ሥራና ጥሪ
በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ ንግግር



በኦሪት ሕግ 50ኛው ዓመት ኢዮቤልዩ ይባል ነበር። በዚያ ዓመት ቀንደ መለከት ይነፋል፤ በድህነት ምክንያት የተሸጠው ርስት ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፤ ራሱን ለባርነት የሸጠውም ሰው ነጻ ወጥቶ ወደ ወገኑ ይገባል። የደብር ኢዮቤልዩ በሚከበርበት ቀን ሕንፃውን ያሠሩ፥ ደወሉንና መጻሕፍቱን የሰጡ ሰዎች ይመሰገናሉ፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን መለከት ሳይነፋለት፥ በየቀኑ በስውር የታሰረውን የሚፈታ አንድ አገልጋይ አለ። እርሱም የነፍስ አባት ነው።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ንስሓ ከ7ቱ ምሥጢራት አንዱ ነው። ጌታችን ለሐዋርያት የማሰርንና የመፍታትን ሥልጣን ስለ ሰጣቸው፥ ይህን ምሥጢር የሚፈጽመው ቄስ እንጂ ዲያቆን አይደለም። እያንዳንዱ ክርስቲያን፥ ባለጸጋም ቢኾን ድኃም ቢኾን፥ የነፍስ አባት ሊኖረው ይገባል። ልማዱም በአንድ ሰው ብቻ የሚቆም ሳይኾን ቤተ ሰቡን ኹሉ የሚይዝ ነው። ካህኑ ወንዱ ልጅ በ40 ቀን፥ ሴቲቱም በ80 ቀን ሲጠመቁ ያውቃል፤ ሲያድጉ ያስተምራል፤ ሲጋቡ ይመክራል፤ ሲጣሉ ያስታርቃል፤ ሲታመሙ ጠበል ይዞ ይመጣል፤ ሲሞቱም ፍትሐት ያደርሳል። ወደ ቤት በገባ ጊዜ ትልቁም ትንሹም ተነሥቶ መስቀል ይሳለማል።

የነፍስ አባት የመጀመሪያ ሥራው ግን መናገር አይደለም፤ መስማት ነው። ኀጢአቱን ሊናገር የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ከዋናው ነገር አይጀምርም። ስለ ሥራው፥ ስለ ጎረቤቱ፥ ስለ ልጁ ጠባይ ያወራል፤ በዚህም መካከል የካህኑን ፊት ይመረምራል። ካህኑ ቢቸኵል፥ ወይም ተገርሞ ፊቱን ቢለውጥ፥ ሊወጣ የቀረበው ቃል ተመልሶ ይገባል፤ ዳግመኛም እስኪወጣ ስንት ዓመት እንደሚቈይ እግዚአብሔር ብቻ ያውቃል። ስለዚህ ትዕግሥት ለነፍስ አባት ጌጥ ሳይኾን የሥራው መሣሪያ ነው።

ከሰማ በኋላ ቀኖና ይሰጣል። ለዚህ ሥራ ካህናት ከሚመለከቷቸው መጻሕፍት አንዱ፥ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው፥ ፈውስ መንፈሳዊ ይባላል። ስሙ ብቻ እንኳ ብዙ ያስተምራል፤ ቀኖና መድኀኒት ነው እንጂ የበቀል ቅጣት አይደለምና። ብልህ ሐኪም ለኹሉ በሽተኛ አንድ መድኀኒት እንደማይሰጥ፥ የነፍስ አባትም እንዲሁ ሰውየውን አይቶ ይመዝናል። ቀኑን ኹሉ ድንጋይ ሲሸከም የሚውለውን ሠራተኛ በብዙ ስግደት አያደክመውም። ነፍሰ ጡርን ወይም ደዌ የጸናበትን ሰው በጾም ላይ ጾም አይጨምርበትም። ገንዘብ የተረፈው ሰው ግን ምጽዋት መስጠት ስለሚቀለው፥ ከምጽዋቱ ይልቅ የበደለውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ ይቅርታ እንዲለምን ይታዘዛል። የሰረቀም ሰው የሰረቀውን ሳይመልስ በጾም ብቻ እንዲያመልጥ አይፈቀድለትም። እንዲህ ባለ ፍርድ ባለዕዳው ከዕዳው፥ የተበደለውም ከቂሙ ይፈታል።

ይህ ጥሪ ኹለት ከባድ ሸክሞች አሉበት። አንደኛው ምሥጢር መጠበቅ ነው። ካህኑ የሰማውን ለሚስቱ አይነግርም፤ ለባልንጀራው ካህን አያወራም፤ በስብከቱም መካከል ስም ሳይጠራ እንኳ አይጠቅሰውም፤ በአንድ አጥቢያ የሚኖር ሰው ከምልክቱ ተነሥቶ ባለቤቱን ለይቶ ያውቃልና። በማግሥቱ ያን ሰው በመንገድ ቢያገኘው እንደ ቀድሞው ሰላም ይለዋል፤ ክብሩን አይቀንስበትም። የብዙ ሰው ኀዘን በልቡ ተከማችቶ፥ እርሱ ግን ለማንም ሳያካፍል ወደ መቅደሱ ይገባል። ስለዚህ ለነፍስ አባትም የራሱ የነፍስ አባት ያስፈልገዋል። የሌላውን ቍስል ሲያክም የራሱን የሚረሳ ካህን ውሎ አድሮ ይደክማል፤ ወይም ልቡ ይደነድናል።

ኹለተኛው ሸክም ለኀያል ሰው እውነትን መናገር ነው። ነቢዩ ናታን በንጉሡ በዳዊት ፊት ቆሞ፥ በምሳሌ አዋዝቶ፥ በደሉን ገለጠለት፤ ንጉሡም ተቀብሎ አለቀሰ። ነገር ግን የሚገሠጽ ኹሉ እንደ ዳዊት አይቀበልም። በኢትዮጵያ በ14ኛው መቶ ዓመት፥ አባ አኖሬዎስንና እርሱን የመሳሰሉ መነኮሳት ዐፄ ዐምደ ጽዮንን ስለ ጋብቻው በገሠጹት ጊዜ እንደ ተገረፉና እንደ ተሰደዱ ገድላት ይተርካሉ። የዛሬ ካህን በጅራፍ አይገረፍም ይኾናል፤ ፈተናው ግን በሌላ መልክ ይመጣል። የቤቱ ጌታ በበዓል ቀን በክብር ወንበር ያስቀምጠዋል፤ እጅ መንሻም ይሰጠዋል። እንዲህ በተከበረበት ቤት ሠራተኛይቱ ደመወዟ ተከልክሎ ስታለቅስ ቢያይ፥ ካህኑ ይናገራልን ወይስ ዝም ይላል? ዝም ያለ እንደ ኾነ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንግዳ ነው እንጂ አባት አይደለም።

መካሪ ደግሞ የሥራውን ወሰን ሊያውቅ ይገባዋል። ጸሎትና ጠበል የሐኪምን መድኀኒት አይሽሩም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ፥ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉን ከሐኪም መድኀኒት ጋር አንድ ላይ እንዲወስዱ ምክር በሰጡ ጊዜ፥ ከኹለቱ አንዱን ለመተው ተጨንቀው ለነበሩ ሰዎች መንገድ ከፈቱ። እንዲሁም አእምሮው የታወከውን፥ ወይም በብርቱ ኀዘን ተይዞ ሞትን የሚመኘውን ሰው የነፍስ አባቱ ብቻውን አይተወውም፤ ይጸልይለታል፤ እጁንም ይዞ ወደ ሐኪም ያደርሰዋል።

እንግዲህ ይህ ኹሉ በጎ ነገር በእጃችን ሳለ እንዴት እየተጠቀምንበት ነው? ብዙ ሰው ከአገሩ ወጥቶ በከተማ ሲቀመጥ የቀድሞው የነፍስ አባቱ በሩቅ ይቀርበታል፤ ሌላም አይይዝም። የያዘውም ቢኾን ለክርስትና፥ ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ ይጠራዋል። ካህኑ መጥቶ ጸበል ጻድቁን ይባርካል፤ ይበላል፤ ይመርቃል፤ ይሄዳል። የቤቱም ሰው ጭንቀቱን በሆዱ እንደ ያዘ ይቀራል።

በርስት ምክንያት ከወንድሙ ጋር 20 ዓመት ተኳርፎ የኖረ ሰው በድንገት ቢታመም፥ ካህኑ በመንፈቀ ሌሊት ተጠርቶ ሊመጣ ይችላል። ነገር ግን የሕመምተኛው አንደበት ተይዟል፤ ወንድሙም በሌላ አገር ነው። ካህኑ በእግዚአብሔር ምሕረት ታምኖ ይጸልያል፤ የምሕረቱንም ዳርቻ የሚወስን ሰው የለም። ኾኖም በሕይወት ሳሉ በአንድ ማዕድ ሊቀመጡ ይችሉ የነበሩት ኹለት ወንድማማች፥ ዕርቃቸው ሳይነገር አንደኛው ወደ መቃብር ይወርዳል፤ ልጆቻቸውም ርስቱን ከነጠቡ ይወርሳሉ።

ምእመናን ሆይ፤ የነፍስ አባታችሁን ደኅና በኾናችሁበት ቀን ጥሩት። ድግስ ሳታዘጋጁ ጥሩት፤ የምትነግሩትን እውነት አዘጋጁ። ክቡራን ካህናት ሆይ፤ የነፍስ ልጆቻችሁን ቍጥር ከማብዛት ይልቅ በስማቸው የምታውቋቸውን ጠብቁ። ከባለጸጋው ደጅ አስቀድማችሁ የመበለቲቱን ደጅ አንኳኩ። ያልጠራችሁንም ሰው ፈልጉት፤ መልካሙ እረኛ የጠፋውን በግ ፍለጋ የወጣው በጉ እስኪመለስ ጠብቆ አይደለምና።

የሠራዊት ጌታ እግዚአብሔር ለካህናቱ የሚሰማ ጆሮና የተዘጋ አፍ፥ ለሕዝቡም እውነተኛ አንደበት ይስጥልን። አሜን።