ምላጩ እንጂ መርፌው አይደለም
(ለክሊኒካችን ደንበኞች ከተደረገ ንግግር)



በዛሬው ንግግሬ የማነሣው ጉዳይ በአደባባይ ብዙም የማይነገር ነው። ይኸውም ሴቶች የእግራቸውን ፀጉር ሲላጩ ቆዳቸው ላይ ስለሚወጣው ሽፍታና ስለ መለብለቡ ነው። «ሲስተር፣ ይህ ከቤተሰብ ምጣኔ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔም ቀድሞ እንደዚያው አስብ ነበር።

የሦስት ወር መርፌ ትወስድ የነበረች አንዲት ደንበኛችን የቀጠሮዋ ቀን ካለፈ ከስድስት ሳምንት በኋላ መጣች። ለምን እንደዘገየች ብጠይቃት ቀሚሷን ከፍ አድርጋ ቅልጥሟን አሳየችኝ። ከጉልበቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጥቃቅን እባጮች ወጥተዋል፤ አንዳንዶቹ ታክከው ጠቁረዋል። ባለቤቷ «ይህ የመርፌው ጣጣ ነው፣ ይቅርብሽ» ብሏት ኖሯል። ሰውየው በክፋት አላለውም፤ ለሚስቱ አስቦ ነው። ሽፍታው መቼ እንደጀመራት ስጠይቃት ግን «ከተላጨሁ በሁለተኛው ቀን» አለችኝ። በምን ተላጨች? በባለቤቷ አሮጌ ምላጭ፣ ያለ ውሃ፣ ከታች ወደ ላይ። የእርግዝና ምርመራ አደረግንላት፤ ደግነቱ አልፀነሰችም ነበር። በምላጭ ጥፋት ግን ያላቀዱት ልጅ ሊመጣ ነበር።

መድኃኒት ያልተስማማው ሰው ሽፍታው ምላጭ ያለፈበትን ቦታ ብቻ መርጦ አይወጣበትም። ጥርጣሬ ካላችሁ መርፌውን ወይም እንክብሉን በራሳችሁ ከማቆማችሁ በፊት መጥታችሁ አሳዩን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምላጭ በደረቅ ቆዳ ላይ ሲሄድ ፀጉሩን ብቻ ሳይሆን የቆዳውንም ስስ የላይኛ ሽፋን አብሮ ይፍቃል። የሚለበልበው ይህ ነው። ጫፉ የሾለው ፀጉር እንደገና ሲያድግ ደግሞ፣ ከርዳዳ ከሆነ ተጠማዝዞ መልሶ ቆዳውን ይወጋል። ሰውነትም እንደ እሾህ ቆጥሮት ያብጥበታል።

እግርን መላጨት ግዴታ አይደለም፤ ፀጉሩም ቆሻሻ አይደለም። የምትላጩ ከሆነ ግን ገላችሁን ከታጠባችሁ በኋላ ይሁን። ሻወር የሌላት እህት እግሯን በሳፋ ውስጥ ለብ ባለ ውሃ ጥቂት ደቂቃ ብታርሰው ፀጉሩ ይለሰልሳል። ከዚያ የመላጫ ክሬም፣ ካልተገኘም የገላ ሳሙና አረፋ በደንብ መቀባት ነው። የልብስ ሳሙና አይሆንም፤ ቆዳ ያደርቃል። ምላጩን ሳትጫኑ ፀጉሩ ወደተኛበት አቅጣጫ፣ ማለትም በቅልጥም ላይ ከላይ ወደ ታች ውሰዱት፤ በየጊዜውም አለቅልቁት። እንደ ጠርሙስ ለስልሶ አይወጣ ይሆናል፣ ይሁን። ያን ልስላሴ ፍለጋ አንዱን ቦታ ደጋግሞ መፋቅ ነው ብዙዎችን የሚጎዳው። ምላጩ ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ ካገለገለ ይጣል፤ ፀጉሩን መጎተት ከጀመረም ከዚያ በፊት።

ሲያበቃ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁና በፎጣ ሳትፈትጉ አድርቁት፤ ሽታ የሌለው ቫዝሊንም ስስ አድርጋችሁ ተቀቡ። ሽቶ፣ አልኮልና ሎሚ በተላጨ ቆዳ ላይ አይደረግም። ሽፍታ ከወጣ እስኪድን መላጨቱን ተዉት፤ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ያበርደዋል። እባጩን አታፍርጡት። ጎረቤት ባዘዘው ቅባትም አትሞክሩት፤ ስቴሮይድ ያለባቸው ጠንካራ ቅባቶች ቆዳን ያሳሳሉ። ከሰፋ፣ ከጋለ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ከመጣ ግን ወደ ጤና ድርጅት መሄድ ያስፈልጋል። የስኳር ሕመም ያለባት ሴት የእግር ቁስል ትንሽ ነው ብላ አትዘግይ።

አሁን ወደ ባሎች ልዙር። ምላጭ በባልና ሚስት መካከልም ቢሆን አይዋዋሱትም። ዓይን የማያየው ደም ይዞ ይቀራል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ሳይሞት ሊቆይ ይችላል፤ ኤች አይ ቪም ደም በነካው ስለት ሊተላለፍ ይችላል። በክብሪት መለብለብ ወይም አልኮል ማፍሰስ አያስተማምንም። አንድ አባት «አንድ አልጋ ላይ እየተኛን በምላጭ ልንለያይ ነው?» ብለው አስቀውኛል። አዎን፣ በምላጭ ተለያዩ። ለባለቤትዎ የራሷን ይግዙላት፤ የእርስዎም ጢም ከደነዘ ምላጭ ይድናል። ያገለገለውን ክዳን ባለው ቆርቆሮ አጠራቅሙት፣ ልጆች እጅ እንዳይገባ።

ነፍሰ ጡር እህቶች ደግሞ ሆዳችሁ ሲገፋ ቆማችሁ አትላጩ፤ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። በእርግዝና ጊዜ የእግር ደም ሥሮች ሊያብጡ ስለሚችሉ ያበጠው ሥር ላይ ምላጭ አታሳልፉ። ከተቆረጠ ብዙ ይደማል። ቢደርስባችሁ ጋደም ብላችሁ እግራችሁን ከፍ አድርጉ፣ ቁስሉንም በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ያዙት፤ ደሙ ካልቆመ ፈጥናችሁ ሂዱ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ብዙ እናቶች ሉፕ ለማስገባት ወይም ለመውለድ ሲመጡ «እንዲህ ሆኜ እንዴት እታያለሁ» ብለው ጠዋት በጥድፊያ ይላጫሉ። ከናካቴው ቀጠሮ የሚያሳልፉም አሉ። ቀድሞ እኛ አዋላጆች ራሳችን ከወሊድ በፊት የሀፍረት አካባቢን ፀጉር እንላጭ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ይህን እንደ ደንብ ማድረግ አይመከርም ብሏል። በምላጭ የተጫረ ቆዳ ለተሕዋስያን በር ይከፍታልና። ስለ እግራችሁማ እኛ ልብም አንለው። ቀጠሯችሁ ደርሶ ሳትላጩ ከቀራችሁ ታጥባችሁ እንዲያው ኑ።