«ወዴት ልውሰደው?»

(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት አጭር የእንግሊዝኛ ግሥ ነው፤ እርስዋም «ቴክ» ናት። ሁላችንም በልጅነታችን «ቴክ ማለት ወሰደ» ብለን በቃላችን ይዘናታል።

እኔ የቡሌ ልጅ ነኝ። የቤታችን ቋንቋ ጌዴኡፋ፣ የገበያችን አማርኛ፣ የሁለተኛ ደረጃ መጽሐፋችን ደግሞ እንግሊዝኛ ነው። አንድ ቀን አሮጊት ጎረቤታችን የመድኃኒት ብልቃጥ ይዘው መጥተው፣ «የተማርከው አንተ ነህ፤ አንብብልኝ» አሉኝ። እኔም ኰራ ብዬ፣ «አንድ አንድ ፍሬ በቀን ሦስት ጊዜ ይውሰዱ» አልኋቸው። እርሳቸውም ግራ ተጋብተው፣ «ወዴት ልውሰደው?» አሉ።

ሣቅሁ። በኋላ ግን ሣቄ አሳፈረኝ። ባይጠይቁኝ ኖሮ መድኃኒቱ ሳይዋጥ በቀረ ነበርና። ስሕተቱ የእርሳቸው ሳይሆን የእኔ ነበር፤ «ይዋጡ» ማለት ነበረብኝ።

ነገሩ በዚህ አይቆምም። «ቴክ ኦፍ» ለልብስ ሲሆን አወለቀ፣ ለአውሮፕላን ሲሆን ተነሣ ነው። «ቴክ ኦቨር» ተረከበ ሲሆን፣ «ቴክ አፍተር» ስለ ልጅ ሲነገር በአባቱ ወጣ ማለት ነው። ከእነዚህ በአንዱም ውስጥ «ወሰደ» የለም። እንግሊዝኛ ከግሡ ኋላ ትንሽ ቃል በጨመረበት ቦታ አማርኛ ሌላ ግሥ ይጠራል። የእኛም «ያዘ» ለባዕድ እንዲሁ ያስቸግራል፤ ጉንፋን ያዘኝ፣ ሥራ ያዘ፣ ወንበር ያዘልኝ፣ ትምህርቱን በቃሉ ያዘ ስንል፣ ለእንግሊዛዊው አንድ ግሥ አይበቃውም። ዎልፍ ሌስላው በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት ቃሉን ከነዓረፍተ ነገሩ የሚያሳየው ስለዚህ ነው።

ዛሬ «ፈተና ወሰድኩ»፣ «ጊዜ ወሰደብኝ» ማለት ተለምዷል። «ተፈተንኩ»፣ «ጊዜ ፈጀብኝ» የሚለው እያለ መበደሩ ባያስፈልግም፣ ሰሚው እስከ ገባው ድረስ ብዙ አልነቅፈውም። የምፈራው ሰሚው የማይገባው ጊዜ ነው።

ነገ በየገጠሩ አስተማሪና የጤና ባለሙያ የምንሆነው እኛ ነን። ስለዚህ ስንተረጕም አስቀድመን «ሰውየው በእጁ፣ በአፉ፣ በሐሳቡ ምን ያደርጋል?» ብለን እንጠይቅ። የጌዴኦውንም ልጅ «ይህን በቤታችሁ ምን ትሉታላችሁ?» እንበለው። መልሱን እርሱ ያውቀዋል፤ የሚጠይቀው ግን ብዙ ጊዜ አላገኘም።