የኋላው ዓይን ሲዋሽ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




ስለ ድልድይና ስለ ግድብ ሲነገር በዋለበት ጉባኤ፣ የአውራ ጣት ጫፍ ስለምታህል የመኪና ካሜራ ለመናገር መነሣቴ ጉዳዩን አሳንሶ ያስገምተው ይሆናል። ዳሩ ግን ይህች ትንሽ ዕቃ የምትጠብቀው የሰው ሕይወት ነውና፣ ለጥቂት ደቂቃ እንድታዳምጡኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ነገሩ የሆነው በ2014 ዓ.ም. በወርኃ ሐምሌ፣ በመካነ ሰላም ነው። ከተማይቱ 2600 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በቦረና ደጋ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ በክረምት ጉም ሲወርድባት ከደጃፍ ቆሞ አጥርን መለየት ያስቸግራል። ከደሴ ለመስክ ሥራ የሄድንበት መኪና የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ሲሆን፣ ካሜራው በኋላ በሩ ላይ የተገጠመ ነበር።

በማግስቱ ጧት ሾፌሩ ከግቢ ወደ ኋላ ሊወጣ ማርሽ አስገባ። በስክሪኑ ላይ ባዶ ግቢ ታየ። በዚህ መካከል የግቢው ዘበኛ ወደ መስኮቱ ቀርቦ ያነጋግረው ጀመር፤ ረዳቱም የቀረ ዕቃ ስለነበረ የኋላውን በር ከፍቶ ጭኖ ዘጋው። ዘበኛው ሲሄድ ሾፌሩ ስክሪኑን እንደገና ተመለከተ፤ ግቢው አሁንም ባዶ ነው። እግሩን ከፍሬን ላይ ሊያነሣ ሲል፣ ወደ ጎን የዞረው ረዳት «ቁም! ቁም!» እያለ መኪናውን በመዳፉ ደበደበ። ወርደን ብናይ፣ የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ልጅ ከካፊያው ሊጠለል ከኋላ በሩ ሥር ቁጢጥ ብሏል።

ሾፌሩ ፊቱ ዐመድ መስሎ «እኔኮ ባዶ ነው ያየሁት» ይል ነበር። እውነቱን ነው። ከካሜራው የሚመጣው ምስል ሲቋረጥ፣ ስክሪኑ በመጨለም ፈንታ የመጨረሻውን ምስል ይዞ ቆሞ ኖሯል። የጨለመ ስክሪን ሾፌሩን ያስጠነቅቀዋል፤ የቆመ ምስል ግን ያታልለዋል።

ሁሉም በአንድ ቃል «ካሜራው ይቀየር» አለ። እኔ ግን ሳይመረመር የሚጣል ዕቃ የለም ብዬ መኪናውን በደልዳላ ቦታ አስቆምኩ። የእጅ ፍሬን ተያዘ፤ ከጎማው ሥር ታኮ ገባ፤ ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ብቻ ተከፈተ፤ የኋላ ማርሽም ገባ።

ምርመራ የሚጀምረው ስክሪኑ ከሚሰጠው ምልክት ነው። ማርሽ ሲገባ ስክሪኑ ምንም ካልተለወጠ፣ ጥፋቱ የሚፈለገው ለስክሪኑ ትእዛዝ በሚሰጠው ሽቦ ነው፤ የኋላ ማርሽ መብራቱም አብሮ ካልበራ፣ ጥርጣሬው በካምቢዮው ላይ ወዳለው ማብሪያና ወደ ፊውዙ ያደላል። ስክሪኑ ተለውጦ ባዶ ሰማያዊ ወይም ጥቁር ከሆነ ትእዛዙ ደርሶታል፤ የጎደለው ምስሉ ነውና የካሜራው ኃይልና የምስሉ መሥመር ይፈተሻል። ሞተር ሲነሣ ብቻ መሥመሮች የሚሮጡበት ከሆነ፣ ከዲናሞው የሚመጣ ረብሻ ነው፤ አዘውትሮም መንገዱ የተበላሸ የመሬት ሽቦ ነው። ምስሉ ከደበዘዘ ደግሞ ሌንሱን ጭቃ ሸፍኖታል ወይም እርጥበት ገብቶበታል። ጭቃው በውሃና በለስላሳ ጨርቅ ይጠረጋል እንጂ በቤንዚን አይታጠብም፤ ፕላስቲኩን ያበላሸዋልና።

የእኛው ምስል አንዴ የሚመጣ አንዴ የሚቀር ስለነበረ፣ የሚንቀሳቀሰውን ክፍል ጠረጠርን። በቴስተር ስንለካ ካሜራው ዘንድ 12 ቮልት ይደርሳል፤ በሩን ከፍተን ስንዘጋው ግን አንዳንዴ ዜሮ ሆኖ ይቀራል። በማጠፊያው ላይ ያለውን የጎማ ቱቦ ብንገልጥ፣ ቀዩዋ ሽቦ ልባሷ ደኅና ሆኖ ውስጧ ተበጥሶ አገኘናት። የኮረኮንች መንገድ ንዝረትና የበሩ መከፈት መዘጋት በልቷታል። የመሬት ሽቦው የታሰረበት ብሎንም ዝጎ ነበር፤ ካሜራው እየሠራ በሽቦውና በመኪናው አካል መካከል ስንለካ፣ ወደ ዜሮ መቅረብ የሚገባው ልኬት 1 ቮልት ገደማ ሆነ።

እዚህ ላይ ለወጣት ባልደረቦቼ አንድ ነገር ላሳስብ። ከሽቦ ውስጥ አንዲት ክር ብቻ ብትቀር እንኳ፣ ጭነት እስከሌለ ድረስ ቴስተሩ 12 ቮልት ያነባል። ስለዚህ ልኬቱ ምንጊዜም ካሜራው ተያይዞ እየሠራ ይሁን።

ጥገናው አንድ ክንድ የማይሞላ ባለ ብዙ ክር ሽቦ ፈጀ። መጋጠሚያውን ከሚታጠፈው ቦታ አርቀን በሶልደር አያያዝነው፤ እንዳይወጠርም ትርፍ ተውንለት። ዝገቱን ፍቀን የመሬት ሽቦውን መልሰን አሰርን። ካሜራው ተቀይሮ ቢሆን ኖሮ፣ አዲሱም በዚያችው በተበጠሰች ሽቦ ይዋሽ ነበር።

ይህ ጉዳይ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 የሁለት ዓመት ሕፃን አባቱ መኪናውን ወደ ኋላ ሲነዳ ተገጭቶ ሞተ። በዚያው ሕፃን፣ በካሜሮን ገልብራንሰን ስም የተሰየመው ሕግ እ.ኤ.አ. በ2008 ጸደቀ፤ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮም በዚያ አገር የሚሸጡ አዳዲስ ቀላል መኪናዎች ሁሉ የኋላ ካሜራ እንዲኖራቸው ግዴታ ሆነ። ማርሽ በገባ በ2 ሴኮንድ ውስጥ ምስሉ እንዲታይም ደንቡ ያዛል። በአገራችንም መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ ካሜራ ያላቸው የኤሌክትሪክ መኪናዎች በርክተዋል። የእነዚህ ሾፌሮች አብዛኞቹ ረዳት የላቸውም።

ስለሆነም ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ፍሬንና መብራት ሲፈተሽ ካሜራውም አብሮ ይፈተሽ፤ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ እጁን ያወዛውዝ፣ ሾፌሩም እጁ በስክሪኑ ላይ ሲንቀሳቀስ ይይ። ሁለተኛ፣ አልፎ አልፎ የሚዋሽ ካሜራ እስኪጠገን ድረስ ፈጽሞ ይጥፋ፤ ሾፌሩ ከሌለው ይልቅ በሚያታልለው ይጎዳልና። ሦስተኛ፣ ካሜራ ኖረም አልኖረም፣ ወደ ኋላ ከመንዳት በፊት ወርዶ ማየት አይቅር።

በዚያች ጧት ልጁን ያዳነው የእኛ ምሕንድስና አልነበረም፤ የረዳቱ ዓይንና መዳፍ ነበር። የእኛ ድርሻ፣ እንዲህ ያለ ረዳት በሌለበት ቦታ መሣሪያው እውነቱን እንዲናገር ማድረግ ነው።