በጥቅምት ወር ስለሚከበር የእባብ በዓል



በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ብዙ መምህራን ከህንድ አገር፥ ይልቁንም ኬረላ ከሚባለው ክፍል፥ መጥተው የኢትዮጵያን ልጆች አስተምረዋል። በዚያው በኬረላ መናራሳላ የሚባል የእባብ አማልክት መቅደስ አለ። ከዛፎቹ ሥር በድንጋይ የተቀረጹ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የእባብ ምስሎች ቆመዋል። ልጅ ያጡ ባልና ሚስት እዚያ ይሳላሉ። በዓሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው በእኛ ጥቅምት ሲሆን የእባቦቹን ንጉሥ ምስል ይዛ የምትወጣው ዋናዋ ካህን ሴት ናት።

ከእኛ ከደሴና ከኮምቦልቻ ልጆች መካከል ይህን ሰምቶ የሚስቅ አይጠፋም። ነገር ግን ጥቅምት 14 ቀን የአቡነ አረጋዊ በዓል አይደለምን? ሥዕላቸውን ያየ ሁሉ ወገባቸውን ጠምጥሞ ወደ ደብረ ዳሞ አምባ የሚያወጣቸውን ዘንዶ ያውቃል። እርግጥ እኛ ለዘንዶው አንሰግድም፤ ለጻድቁ የታዘዘ ገመድ ነው። ይሁን እንጂ በጥንቱ ታሪካችን አርዌ የሚባል ዘንዶ ነግሦ ግብር ይበላ እንደ ነበረ ይነገራል፤ በኋላ ተገደለ እንጂ።

እኔን እንደ ሴት ልጅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ደብረ ዳሞን ዛሬም በጠፍር የሚወጡት ወንዶች ብቻ ናቸው፤ እናቶቻችን ከግርጌው ተሳልመው ይመለሳሉ። በመናራሳላ ግን በዓሉን የምትመራው እናት ናት።